ልጆቼ ዶሮ ያሳድጉ ብዬ ነበር፤ ደሴ ላይ ከምን ልጀምር?

እናት ከቧንቧ ውሃ

ሰላም ጎበዞች። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 6። ክረምት እየመጣ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ስልክ ላይ ተደፍተው ነው የሚውሉት። ዘንድሮ ዶሮ ልግዛላቸው ብዬ ቆርጫለሁ። ለንግድ አይደለም። በእጃቸው የሚያሳድጉት ነገር ይኑራቸው፣ እንቁላል ከሱቅ እንደማይበቅል ይወቁ ብዬ ነው።

ግቢያችን ጠባብ ናት። ከማድ ቤቱ ጀርባ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የምትሆን ጥግ አለች። ቤቱ ኪራይ ነው። አከራያችን እትዬ ፈቅደዋል፤ «አውራ ዶሮ ግን ሌሊት ሲጮህ እንዳልሰማ» ብለዋል።

የአንድ ቀን ጫጩት ይሻላል ወይስ ያደገ? የደሴን ብርድ ይችላሉ? ከልጆቹስ ምን ያህል ሥራ ልጠብቅ? ባለቤቴ «መጨረሻ ላይ ኩሱን የምትጠርጊው አንቺ ነሽ» እያለ ይስቅብኛል።

ሐረጎ ቁልቁል

እህቴ፣ ባለቤትሽ እውነቱን ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ ለደሴ ክረምት የአንድ ቀን ጫጩት እንዳትገዢ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየቀነስሽ ላባ እስክታወጣ መጠበቅ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ሐምሌ ይህን ሙቀት ከየት ታመጫለሽ? በአምፖል ይቻላል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ግን ጫጩቶቹ ብርድ ሽሽት አንዱ ባንዱ ላይ ይቆለላሉ፣ ከታች ያሉት ታፍነው ያልቃሉ። ጠዋት ልጆችሽ ሮጠው ሄደው የሚያዩት እሱን ነው። ከሰል የሚያስገባም አለ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ለጫጩትም ለሰውም አይሆንም፤ ልጆች ገባ ወጣ በሚሉበት ቤት ጭራሽ አይታሰብ።

45 ቀን የሞላቸውን ግዢ። ላባ ለብሰዋል፣ ክትባትም ጀምረዋል። የትኛውን ክትባት መቼ እንደወሰዱ ግን ጠይቂና በጽሑፍ ተቀበይ። ሳሶ የምትባለው ዝርያ ለሥጋም ለእንቁላልም ትሆናለች፣ ግቢ ውስጥ ጭራ መልቀምም ታውቃለች። ቦቫንስ የምትባለዋ ዝርያ ደግሞ እንቁላል ላይ የምትስተካከላት የለም፤ መኖ ሲጓደልባት ግን ወዲያው ታቆማለች። ለዚያች ጥግ ከአምስት ስድስት አትለፊ፤ በካሬ ሜትር አራት አምስት ዶሮ ይበቃል። ለእንቁላል ደግሞ አውራ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ያስፈልጋል ብሎ ያስባል። ሴቷ ብቻዋን ትጥላለች፣ አይፈለፈልም እንጂ። ስለዚህ የእትዬም ቃል ይከበራል።

ቦርከና ዳር

ከኮምቦልቻ ነኝ። ሐረጎ ያለው ለአርቢ ልክ ነው። ለልጅ ግን ዋናውን ነገር ዘሎ ማለፍ ነው። ልጅ ማየት ያለበት መፈልፈሉን ነው።

ለሙቀቱ ከአምፖል የተሻለች አለች፦ የታቀፈች የሐበሻ ዶሮ። እነዚህ ዘመናይ እንቁላል ጣዮች ማቀፍ ረስተዋል፣ የእኛዋ አልረሳችም። በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው፣ እንቁላሏም ትንሽ ነው። ግን ታቅፋ፣ ፈልፍላ፣ ጭራ አብልታ ታሳድጋለች። ብርዱም ላይ ብዙ ግድ የላትም፤ ጫጩቶቹን ክንፏ ሥር ትከታቸዋለች። እንደ መጠኗ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ታሳቅፊያታለሽ። አውራ ካለበት ቤት የመጣ እንቁላል ይሁን።

ከዚያ 21 ቀን መጠበቅ ነው። የእኔዎቹ ግድግዳ ላይ በከሰል እየጫሩ ነው የቆጠሩት። ሳምንት ሲሞላው ማታ መብራት አጥፍተን እንቁላሉን በስልኩ ባትሪ ላይ አቆምነው፣ ሰፊው ጫፍ ወደ ብርሃኑ። ቀጫጭን የደም ሥሮች ከአንድ ቦታ ተነሥተው ወደ ዳር ተዘርግተዋል። መሃላቸው አንድ ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀሳለች። ትንሹ «ዓይኑ ነው?» አለኝ። ዓይኑ ነበር። ባዶዎቹ ጥርት ብለው ቢጫ ብቻ ያሳያሉ። ሦስቱን አወጣን።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ደግሞ ቅርፊቱ ሳይሰበር ከውስጥ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ይሰማል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ማየት ነው! ከዚያ አንዲት ስንጥቅ ትወጣለች፣ ጫጩቷ ሰዓታት ሙሉ ዝም ትላለች። ልጁ ካልላጥኩላት ብሎ ያለቅሳል። እንዳይነካ። ውስጠኛው ሽፋን ገና ደም አለበት፣ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዷ እየሳበች ነው። ለዚህ ነው ስትወጣም ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ መቆየት የምትችለው። አፏ ጫፍ ላይ ቅርፊት የምትሰብርባት ነጭ ነጥብ አለች፤ ቶሎ ትወድቃለች፣ ሳትወድቅ አሳያቸው።

እናት ከቧንቧ ውሃ

ኧረ ቦርከና፣ አጓጓኸኝ። ሴቷ ከጎኔ ሆና ስታነብ «የታቀፈችዋን! የታቀፈችዋን!» እያለች ነው። ልትታቀፍ የፈለገች ዶሮ ግን ከየት ይገኛል? ሰኞ ገበያ ሄጄ «የምትታቀፍ አላችሁ?» ብል የሚሳቅብኝ ይመስለኛል።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ

አይሳቅብሽም፣ ይሸጥልሻል። «አዎ እቴ፣ እቺ ትታቀፋለች» ይሉሻል፣ ቤት ስትደርሺ ትሮጣለች። ደግሞ የታቀፈችን ዶሮ እግሯን አስረሽ በባጃጅ ስታንገላቺያት ማቀፉን ትተወዋለች። ከዘመድ ወይ ከጎረቤት ነው የሚገኘው። እንቁላሉን አዘጋጅተሽ ጠብቂ፤ የሰው ዶሮ ልትታቀፍ ስትል በማታ በቅርጫት ታመጪያታለሽ። በጨለማ የመጣች ዶሮ ቦታ መቀየሩን ቶሎ ትረሳለች።

ተራ ዶሮ ከገበያ ስትገዢ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ። መምረጥ ራሱ ትምህርት ነው። ዓይኗ ንጹሕና ክፍት ይሁን። ኩክኒዋ ቀይ ይሁን፣ የገረጣ አይደለም። ደረቷን በእጅ ዳሰስ አድርጊ፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ከወጣ ከስታለች። ጅራቷ ሥር አረንጓዴ ወይ ነጭ ኩስ የለጠፈባትን ተዪ። ቀለሙንም ሻጮቹ ይንገሯቸው። ገብስማ፣ ወሰራ፣ ኮክማ፣ ዝግርማ። ያሁን ልጅ ዶሮ ሁሉ «ቡኒ» ይመስለዋል።

ከገበያ የመጣችን ዶሮ ወዲያው ከሌሎቹ አትቀላቅሊ። ሁለት ሳምንት ለብቻዋ።

መምህር ከሆጤ

ትምህርት ቤት ውስጥ የዶሮ ክበብ ስለምመራ ስለ ሦስተኛው ጥያቄሽ ልናገር፤ ሌላው ተብሏል።

ልጅ «እንድትረዳኝ» ተብሎ የገባበትን ሥራ በሁለት ሳምንት ይሰለቸዋል። ዶሮው የራሱ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትልቁ ልጅሽ የእውነት ባለቤት ይሁን። እንቁላሉን እሱ ይሰብስብ፣ አንቺ ስትፈልጊ ከእሱ ግዢ። በገንዘብ! መኖውንም ከዚያው ብር ይግዛ። ኪሳራ ከመጣም ኪሳራውን ይየው። ወላጆች እዚህ ላይ አንጀታቸው አይችልም፤ መኖ ሲያልቅ በድብቅ ገዝተው ይሞላሉ። እንደዚያ ከሆነ የያዛችሁት መጫወቻ ነው፣ ዶሮ አይደለም።

የ6 ዓመቷ ውሃ ትቀይር፣ እንቁላል ትልቀም፤ ቀን ትጻፍ። ከዚያ በላይ አትጠብቂ። የ9 ዓመቱ መኖ ይመዝን። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። ለአምስት ዶሮ ለሳምንት ስንት ኪሎ? ማባዛት ጠልተው የነበሩ ልጆች ይችን ሲሠሩ አይቻለሁ፤ መልሱ ከኪሳቸው ስለሚወጣ።

ሙከራዎችም አሉ። እንቁላል ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩ፤ ቅርፊቱ አረፋ እያወጣ ይሟሟል፣ ጠዋት ለስላሳ ሽፋን ብቻ ይቀራል። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ነው። «ታዲያ ዶሮዋ ካልሲየም ከየት አመጣች?» ብለሽ ዝም በይ። ራሱ ጥያቄው መኖው ድረስ ይወስዳቸዋል። ያረጀና አዲስ እንቁላልም ውሃ ውስጥ ይክተቱ። የቆየው ይንሳፈፋል፣ ውስጡ ያለው አየር እየሰፋ ስለሚሄድ። ደግሞ የምትጥልበትን ሰዓት ይጻፉ። አንዱን እንቁላል ለመሥራት ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚበልጥባት ሰዓቱ በየቀኑ እየዘገየ ይሄዳል። ይህን ማንም ሳይነግራቸው ከደብተራቸው ያወጡታል።

ጎረቤት ነኝ

ሁላችሁም ስለ ባለ ዶሮው ልጅ ታወራላችሁ። ስለ ጎረቤትስ? አጥር ለአጥር የሆነ ሰው ዶሮ ይዞ ሽታውና ዝንቡ እኛ ጋ ነው። ጎመኔንም ጭረው ጨርሰውታል። የእነሱ ልጆች እየተማሩ ነው አሉኝ። ደስ ይላል፣ እኔም ትዕግሥት እየተማርኩ ነው።

ሐረጎ ቁልቁል

ጋሼ ትክክል ነዎት። ሽታ ካለ ወለሉ እርጥብ ነው ማለት ነው። ደረቅ ኩስ ብዙም አይሸትም። ሰጋቱራ ወይ የተከተፈ ጭድ ወፈር ተደርጎ ይነጠፋል፣ በየሁለት ቀኑ ይገላበጣል፣ የረጠበው ይወጣል። የውሃ ዕቃው ከፍ ይበል። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ የሚያፈስ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ከፊት በኩል ሽቦ ይሁን፣ አየር ይግባ። ብርድ ፈርቶ ሁሉን መድፈን ነው ሽታውንም ሳሉንም የሚያመጣው። ኩሱን ከጭዱ ጋር ቆልለው ሲያበስሉት ለጎመን የሚስተካከለው ማዳበሪያ የለም፤ ትኩሱን ከበተኑት ግን ያቃጥላል። እና ጎመንዎን የጨረሱት ሰዎች ቢያንስ አንድ ጆንያ ብስባሽ ዕዳ አለባቸው።

ሽቦው ለሸለምጥማጥም ነው። ማታ ማታ ይመጣል፣ ጠባብ ቀዳዳም ይበቃዋል። ከገባ ደግሞ አንድ በልቶ አይሄድም። ታች በኩል ሽቦውን መሬት ውስጥ ቅበሩት።

የወሎ አባት

አንድ ነገር ማንም አላነሳም። በዓል ሲደርስስ?

እኔ ቤት የተፈለፈሉት ግማሾቹ ወንድ ሆኑ። ይህ የታወቀ ነው፣ ግማሽ በግማሽ ነው የሚሆነው። ልጄ አንዱን ስም አወጣችለት። ፋሲካ መጣ፣ ባለቤቴ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ልጄ ሽንኩርቱን አየች፣ አውራውን አየች። ነገሩ ገባት። ያን ዕለት የተለቀሰው ለቅሶ እስከ ፒያሳ ይሰማ ነበር።

ኡሙ ሦስት

ሱብሃነላህ፣ አንጀቴን በላችው። ልጅ ፊት ለምን ይታረዳል? እኛ ዘንድ ቢላው እንኳ እንስሳው እያየ አይሳልም፤ አንዱ እያየ ሌላው አይታረድም። ለዶሮው የተሰጠው ርኅራኄ ለልጅም ይድረሰው። ወስዶ ለጎረቤት ቀይሮ ሌላ ማረድ ምን ይከብዳል?

መምህር ከሆጤ

ከኡሙ ሦስት ጋር ግማሹን እስማማለሁ። እንዲያይ ማስገደድ የለም። መዋሸት ግን አልወድም። «ጠፋ»፣ «ጭልፊት ወሰደው» ብሎ ማታ ዶሮ ወጥ ማቅረብ! ልጅ ይቆጥራል እኮ፤ እንዲቆጥር ደብተር የሰጠነው እኛው ነን። የማይበላ ከሆነ አለመብላት መብቱ ነው። የሚያድገውን ነገር የምናሳየው እስከሚያምረው ድረስ ብቻ ከሆነ ግማሽ ትምህርት ነው።

የወሎ አባት

ጨርሼ ልንገራችሁ። ያኛውን ሳናርደው ቀረን፤ ፋሲካው በገበያ ዶሮ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሕግ ወጣ፦ ስም ያለው አይታረድም፣ ስም የሚወጣው ደግሞ ለአንድ ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ልጆቹ ተሟግተው ይወስናሉ። የቀሩት አውራዎች ከየት እንደመጡና የት እንደሚሄዱ ከመጀመሪያው ያውቃሉ። ዘንድሮ ልጄ ራሷ ገንዳው አጠገብ ቁጭ ብላ ላባ ነጨች። 12ቱን ብልት ከእናቷ ጋር ቆጥራ አወጣች። መፍጫው ተሰንጥቆ ጠጠር ሲወጣበት «ጥርስ ስለሌላት ነው?» አለች። አዎ፣ የምትፈጨው በጠጠሩ ነው። ጠጠሮቹን አጥባ ደብቃቸዋለች፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ኡሙ ሦስት

የስሟ ሕግ ወደድኳት። እኛ ግቢ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን፣ በየበዓሉ ዶሮ ያልቃል። ልጆቹ ሁሉ አንድ ላይ ናቸው የሚያሳድጉት። ይችን ሕግ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ

ዘግይቼ ገባሁ። ከበዓል በፊት የሚጨርሳቸው ሌላ አለ፦ ፈንግል። አንገት ያጣምማል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያመጣል፣ አፍ ከፍቶ ያስተነፍሳል። ሲመጣ ሰፈሩን ጠርጎ ነው የሚሄደው። ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒት የለውም። ፌጦም ነጭ ሽንኩርትም አረቄም አያድነውም፣ ከገበያ የሚገዛው አንቲባዮቲክም እንደዚያው። ያለው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፣ ውድ አይደለም። የመጀመሪያው በጫጩትነት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በመጠጥ ውሃ፣ በየሦስት አራት ወሩ እየተደገመ። 45 ቀን የሞላችውን ገዛሁ ብሎ ዘና ማለት የለም።

በውሃ ሲሰጥ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ክትባቱ ሕይወት ያለው ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ይገድለዋል። ክሎሪን የሌለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ትንሽ የዱቄት ወተት ተጨምሮ ይበጠበጣል። ዶሮዎቹ ቀድመው አንድ ሁለት ሰዓት ይጠሙ፣ ከዚያ ቶሎ ይጨርሱታል። ሁለት ሰዓት ካለፈው ድፉት። ከመደብሩ እስከ ቤት በበረዶ ነው የሚመጣው፤ በኪስ የመጣ ክትባት ውሃ ነው።

የደም ተቅማጥም አለ፣ በተለይ ወለሉ ሲረጥብ ጫጩቶች ላይ። እሱ መድኃኒት አለው፤ ኩሱ ላይ ደም ስታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ።

ስለ ልጆቹ፦ ዶሮ ነክተው እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ሁልጊዜ። ጫጩት ደህና መስላ ሳልሞኔላ የሚባል ሰውን የሚያሳምም ጀርም ትይዛለች። መሳም የለም፣ ፊት ላይ ማስጠጋት የለም። ከአምስት ዓመት በታች የሆኑት በተለይ ይጠበቁ። ለዶሮ ቤት የራሱ ጫማ ይኑረው። የሞተ ዶሮ ካለ ልጅ አይንካው፤ ጠልቆ ይቀበር፣ ወንዝ ዳር አይጣል።

እናት ከቧንቧ ውሃ

እንደገና እኔ ነኝ። ክረምቱ ገብቷል፣ ዶሮዎቹም። አራት ቄብ ገዛን፣ የ45 ቀን ሳሶ። የታቀፈችዋ ደግሞ ከኩታበር ከአክስቴ ዘንድ ትመጣለች፣ መስከረም ላይ፣ ብርዱና ዝናቡ ቀለል ሲል። ሴት ልጄ እስከዚያ ድረስ በጉጉት ልትሞት ነው።

መምህር እንዳሉት ለወንዱ ልጄ ደብተር ሰጠሁት። ትናንት ገልጬ አነበብኩ። «ሰኞ፦ ገብስማዋ ውሃ ደፋች። ማክሰኞ፦ መኖ 300 ግራም። ሦስቱ ሦስት ጊዜ ገብስማዋን ነከሷት። ረቡዕ፦ እህቴ ሥራዋን አልሠራችም።» ሐሙስ ላይ እንደገና «እህቴ» ብሎ ጀምሮ ሰርዞታል። ኩሱን የሚጠርገው ባለቤቴ ሆኗል፣ ልጁ ቀጥሮታል፤ ደመወዙ ገና ያልተጣለ እንቁላል ነው።

ነገር ግን ሦስቱ ገብስማዋን ለምን ይነክሷታል?

ሐረጎ ቁልቁል

ደረጃ እያወጡ ነው። ከላይ የምትቀመጠው፣ ቀድማ የምትበላው ማን እንደሆነች ይወስናሉ። ደም ካልወጣ ተያቸው። መኖ ዕቃውን ሁለት አድርጊው፣ ቆጡንም ለእያንዳንዷ አንድ ስንዝር እንዲደርሳት አስረዝሚው። ደም ካየሽ ግን ያን ዕለት ለያት፤ ቀይ ነገር ሲያዩ አይምሩም። ልጅሽ ማን ማንን እንደነከሰ ይጻፍ፣ በሳምንት ውስጥ ሙሉውን ተዋረድ ያወጣዋል።

እናት ከቧንቧ ውሃ

እሺ። ለክትባቱ ደግሞ ጠየቅሁ። አንድ ብልቃጥ ከመቶ ዶሮ በላይ ነው አሉኝ። እኔ አራት ናቸው ያሉኝ!

የእንስሳት ጤና ባለሙያ

ለዚህ ነው ብቻችሁን አትግዙ የምለው። የሰፈሩ ሰው ተዋጥቶ በአንድ ቀን ይስጥ። ያንቺ ተከትበው የጎረቤት ካልተከተቡ ግማሽ ሥራ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ለነገ የሚባል ነገር የለም።

የወሎ አባት

እኔም ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነኝ፣ 9 ዶሮ አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ይመቸኛል።

ኡሙ ሦስት

የእኛ ግቢ 14። ጫጩቶቹ ሳይቆጠሩ።

ጎረቤት ነኝ

ዶሮ የለኝም። በረዶ የሚይዝ ትልቅ ፔርሙዝ ግን አለኝ። አጥር ለአጥር ያሉትንም ልንገራቸው፣ 20 ገደማ ይሆናሉ። ብስባሹን ሲያመጡ።

እናት ከቧንቧ ውሃ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! በሉ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ማታውኑ ውሃቸውን አንሱ፣ ሌሊት ስለማይጠጡ ጠዋት ጠምቷቸው ይገኛሉ። የዱቄት ወተቱን እኔ እይዛለሁ። ወተቱን የሚመዝነው ልጄ ነው፣ ከአሁኑ ሚዛኑን ደብቆታል።

ቦርከና ዳር

ኮምቦልቻስ? በርበሬ ወንዝ አካባቢ ያላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፣ እኔም አንድ ብልቃጥ ላስመጣ።